ኦርጅናል ካሴትና የአቶ ጩማ ስምንት ላሞች

ባለፈው ጥቅምት፣ ሲቀላ ሰፈር መናኸሪያው ጀርባ የነበረችውን ሱቄን ዘጋሁ። ጡረታ ወጣሁ እላለሁ እንጂ ያወጣኝ መሥሪያ ቤት የለም፤ አበልም የለውም። የሸኘኝ ጎረቤቴ የስልክ ከቨር ነጋዴው ብቻ ነው። ሱቋን ከራሱ ጋር ሊቀላቅላት ቁልፉን ሲረከበኝ፣ "ጋሽ ማርቆስ፣ አሁን እንግዲህ አርፈው ይቀመጣሉ" አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ተቀምጬ የሠራሁ ሰው ነኝ። ያረፈው ወንበሩ ነው።

ሥራህ ምን ነበር የሚለኝ ሰው ያስቸግረኛል። የንግድ ፈቃዴ "የኤሌክትሮኒክስ ጥገና" ይላል፤ እውነቱን ብነግረው ፈቃድ ሰጪው የሚጽፍበት መስመር አልነበረውም። እውነቱ ይሄ ነው፦ ሰው የተጫወተበት የእጅ ጌም ካሴት ሲመጣልኝ ኦርጅናል ይሁን ፎርጅድ እለያለሁ። የእጅ ጌም የምለው በሁለት እጅ ተይዞ በአውራ ጣት የሚጫወቱበትን፣ ከጀርባው ካሴት የሚሰካበትን ትንሽ ማሽን ነው። ካሴቱ ከክብሪት ቀፎ አይበልጥም፤ ጨዋታው በሙሉ ያለው ግን እሱ ውስጥ ነው። ስልክ ሳይመጣ በፊት የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጡ ተማሪዎች፣ ውጭ ዘመድ ያለው ሁሉ ይዞት ይመጣ ነበር። ሲሰለቻቸው ይሸጡታል፣ ይቀያየሩታል። ገዢው ደግሞ እንዳይታለል እኛ ዘንድ ይመጣል።

ሥራ የጀመርኩት ምዕራብ ዓባያ፣ ሬዲዮ ጥገና ላይ ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ ሬዲዮ የሚያክመው በጥፊ ነበር። አንዳንዱ ሬዲዮ ፈርቶ ይሁን አፍሮ እንጃ ይሠራል። አንድ ቀን የአንድ ገበሬ ሬዲዮ ላይ እጁን ሲያነሳ፣ ገበሬው ቀድሞ አለቃዬን በጥፊ አለው። "አንተስ ትሠራለህ ወይ?" አለው። በዚያው ሳምንት ሻንጣዬን ይዤ ሲቀላ ወረድኩ።

ሲቀላ፣ በዚህችው ሱቅ፣ የተቀበሉኝ ባለቤቷ ጋሽ ዳልኬ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ የሚንቀሳቀስ ሰው ነበሩ። ደመወዜ ትንሽ ነበር፤ ምሳ ግን ከእሳቸው ጋር ስለምበላ ሁለታችንም አላነሳነውም። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ግን በካሴት ወረቀት ላይ ያለውን እያንዳንዱን ፊደል እንደ ሰው መልክ ያውቁት ነበር። "ይሄኛው ፊደል ሆዱ ከወንድሞቹ ገፋ ብሏል፤ ቤተሰቡ አይደለም" ይሉኛል። እውነትም አይሆንም።

ካሴት ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። ከዚያ ሻጩን ከየት እንደመጣ ያስወሩታል። ሲያወራ ካሴቱን በግራ መዳፋቸው አስቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ይመዝኑታል። ፎርጅዱ ይቀላል። ቀጥሎ ብርሃን ላይ ያጋድሉታል፤ ኦርጅናሉ ወረቀት ላይ በማተሚያ የተጫነች፣ በቀጥታ ሲያዩት የማትታይ ትንሽ ቁጥር አለች። ቀጥሎ ብሎኑ፦ የኦርጅናሉ ሦስት ክንፍ አለው፣ ተራ ካቻቢቴ አይገባበትም። ከተከፈተ ደግሞ ሆዱን ያዩታል። ፎርጅድ ከሆነ እንደ ሬንጅ ያለ ጥቁር ጠብታ መሃሉ ላይ ተጋድሟል። ይህን ሁሉ ሳያደርጉ አይፈርዱም። የወረቀቱን ቀለም የሚፈትኑት ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው። "ልብስ ተበድሮም ይለበሳል" ይሉ ነበር።

አንድ ጊዜ ከሞያሌ የመጣ ነጋዴ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ካሴት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ።

"ሁሉም ኦርጅናል ነው" አለ።

ጋሽ ዳልኬ አንዱን መዘኑ፣ አስቀመጡ። ሌላውን መዘኑ፣ አስቀመጡ። "ልጄ፣ ይሄ ኮፒ ነው" አሉት።

"ኮፒማ ነው ጋሼ። ግን ኦርጅናል ኮፒ ነው።"

ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። "የተጠመቀ ነው እንጂ ያመነ አይደለም" ብለው ማዳበሪያውን አሳሰሩት። ይህች አባባል በኋላ ሲቀላ ውስጥ ለጫማም፣ ለቅቤም፣ ለሙሽራም ሥራ ላይ ውላለች።

አሁን ወደ አረቄው ልግባ፤ ሕይወቴን ሊያበላሽ የነበረው እሱ ነውና። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የፎርጅድ ካሴት ወረቀት ግን የያዘውን ቀለም በአንድ ጠብታ አረቄ ይለቃል። አረቄ ለካሴቱ የመዳብ ጥርሶችም ፍቱን ማጽጃ ነው፤ በተለይ ከዶርዜ የሚወርደው። ችግሩ ጋሽ ዳልኬ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ መሆናቸው ነበር። አረቄ ቤት በር ላይ ቢታዩ እሑድ ስማቸው ይነሳል። ስለዚህ የምላከው እኔ ነበርኩ። እኔም እዚያው ቤተ ክርስቲያን መሆኔን ቢያውቁም፣ "አንተ ገና ስም የለህም፤ የሚጠፋብህ ነገር የለም" ይሉኝ ነበር። ጠርሙሱን የዓይን ጠብታ ብልቃጥ ውስጥ ገልብጠው "መድኃኒቱ" ይሉታል። አንድ ነገር ልመስክር፦ በሠራሁባቸው ዓመታት አንዲት ጠብታ አልቀመስንም። ሽታው ግን ሸሚዜን ለምዶት ነበር።

በራችን ላይ "ካሴት እንመረምራለን" የሚል ጽሑፍ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ልጅ የመዘምራን ካሴት፣ የቴፑን ማለቴ ነው፣ ይዛ መጣች። "ሦስተኛው መዝሙር ላይ ሴቶቹ ድምፃቸው እንደ ወንድ ይሆናል፤ መርምሩልኝ" አለችን። ጋሽ ዳልኬ ሊመልሷት አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደምኳቸውና "ከባድ ምርመራ ነው፤ ቅዳሜ ተመለሺ" አልኳት። ቅዳሜ ሌላ ችግር አገኘሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜም። ያ ካሴት ከእኔ እጅ የወጣው መዘምራኑ አዲስ ከቀዱ በኋላ ነው። ልጅቷ አስቴር ትባላለች፤ የጫኖው ሙዝ አምራች የአቶ ጩማ ልጅ ናት። ተስማማን፤ ሽማግሌ ልልክ ቀን ተቆረጠ። ጋሽ ዳልኬ የሽማግሌዎቹ መሪ ሆኑ። ሥጋት የሆነብኝ አንድ የባንክ ሠራተኛም አባቷን ደጅ ይጠና ነበር፤ ክራቫት ያስራል፣ ምንም አይሸትም።

ሽማግሌዎቹ ሊሄዱ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው፣ ጋሽ ዳልኬ ለጉባኤ ጨንቻ ወጥተው፣ እኔ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለ አቶ ጩማ ራሳቸው ሱቁ በር ላይ ቆሙ። ኮታቸውን ለብሰው፣ ከኮታቸው ውስጥ በመሐረብ የተጠቀለለ ካሴት አወጡ።

"ካሴቷ ታሟል መሰለኝ። አንዳንዴ ይዘገያል። ልጄ ናት የሚጫወተው" አሉ።

አቶ ጩማ አማርኛ ላይ ወንድና ሴት ይቀያየርባቸዋል። እኔም ብሆን ጋሞኛ አፌን የፈታሁበት ነው፤ አማርኛዬን ያቃናሁት ሲቀላ ነው። ስለዚህ ወንድ ልጃቸውን ማለታቸው ነው ብዬ አለፍኩት። ይልቅ የያዘኝ ሐሳብ ሌላ ነበር፦ ይህ ሰው ሊያየኝ ነው የመጣው፤ ችሎታዬን ላሳየው።

እጄን አልታጠብኩም። አልመዘንኩም። ከየት እንደመጣ አልጠየቅኩም። ጨርቅ ላይ አረቄ ጠብ አድርጌ ወረቀቱን ዳበስኩት፤ ቀለሙ እንዳለ ጨርቁ ላይ መጣ።

"አቶ ጩማ፣ አታለውዎታል። ይሄ ፎርጅድ ነው" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ፊታቸው ተለወጠ። "አይሆንም" አሉ።

"ከፍቼ ላሳይዎት።" ከፈትኩት። ጥቁር ጠብታ የለም። አረንጓዴው ሰሌዳ ላይ እግር ያላቸው ክፍሎች በሰልፍ ቆመዋል፤ የሳንቲም መልክ ያላት ባትሪም በጎን አለች። ኦርጅናል፣ ያውም ጋሽ ዳልኬ ቢያዩት ባርኔጣቸውን የሚያነሱለት ኦርጅናል። ወረቀቱን አይጥ በልቶት ኖሮ አቶ ጩማ እዚያው ሲቀላ በከለር ኮፒ አስደርገው፣ ቆርጠው፣ በማስቲሽ ለጥፈውበታል። ይህንን ብጠይቅ ይነግሩኝ ነበር።

እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ ብዬ ብዘጋው ነገሩ ያበቃ ነበር። ሐፍረት ግን ሰውን ያስቸኩላል። "ችግሩ ባትሪዋ ናት፤ ደክማለች፤ አሁኑኑ እቀይራታለሁ" አልኩ። ጋሽ ዳልኬ ስለዚህች ባትሪ ያስተማሩኝ አንድ ሕግ ነበር። ጨዋታው የደረሰበትን የምታስታውሰው እሷ ናት፤ ብቻዋን ከወጣች ሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ አዲሷን በሽቦ ከጎኗ አስረህ ነው አሮጌዋን የምትነቅለው። "ሁለተኛዋን ሳታስር የመጀመሪያዋን አትፍታ" ይሉኝና፣ "ይህ ለባትሪ ነው፤ ለትዳር አይሠራም" ብለው ይጨምሩበታል። እኔ ባትሪዋን የያዘውን ስታኞ አቅልጬ አሮጌዋን ነቀልኩ፤ አዲሷን ተከልኩ፤ በኩራት የሱቁ ማሽን ላይ ሰክቼ አበራሁት።

የእርሻ ጌም ነበር። ሰው በአውራ ጣቱ ያርሳል፣ ያጠጣል፣ ከብት ያረባል። ውስጧ ያለችው ሰዓት ማሽኑ ቢጠፋም ትቆጥራለች፤ ላሞቹን በየቀኑ ካላበሏቸው ይታመማሉ። አሁን ግን የሚታመምም አልነበረም። ስክሪኑ ላይ ባዶ ሜዳና አንድ መጥረቢያ ብቻ ታየ።

አቶ ጩማ ማሽኑን ከእጄ ወሰዱ። ስክሪኑን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ከዚያ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣ "ዳማ... ቦራ... ሻሾ..." እያሉ የላሞቹን ስም እስከ ስምንት ቆጠሩ።

ያኔ ገባኝ። ቀኑን ሙሉ ሙዝ ሲያጠጡ የሚውሉት፣ ጉባኤ ላይ ጨዋታ የሰይጣን ወጥመድ ነው ብለው የሚመክሩት አቶ ጩማ፣ ማታ ቤት ገብተው ሌላ እርሻ ያርሱ ነበር። ልባቸውን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ስነሳ የአረቄውን ብልቃጥ በክንዴ መትቼ ደረቴ ላይ ደፋሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ አፍስሼ የለቀምኩት በሸሚዜ ነው። አፍንጫቸው ሲነፋ አየሁት። ማሽኑን ከነካሴቱ ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ።

ቀኑ ደረሰና ሽማግሌዎቹ ጫኖ ሄዱ። እኔ እንደ ወጉ አልገባሁም፤ አስፋልቱ ዳር ሙዝ የሚጫንበት ቦታ ቆሜ ጠበቅኩ። የሆነውን የነገሩኝ ጋሽ ዳልኬ ናቸው። አቶ ጩማ ሽማግሌዎቹን ማንጎ ሥር አስቀምጠው፣ "ልጁ አረቄ ይሸታል። ልጄን ለሰካራም አልሰጥም" አሉ። ጋሽ ዳልኬ እንግዲህ አማራጭ ነበራቸው፤ ዝም ማለት። እኔ ስም የለኝም፣ እሳቸው አላቸው። ተነሱና ከኪሳቸው ብልቃጧን አወጡ።

"አረቄው የእኔ ነው" አሉ።

ሌሎቹ ሽማግሌዎች መቀመጫቸውን ራቅ አደረጉ። ጋሽ ዳልኬ ግን ጨርቅ አውጥተው፣ የአንዱን ሽማግሌ ሬዲዮ ተቀብለው፣ የባትሪ ቤቱን ዝገት እያጸዱ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዱ። ሬዲዮው ጥርት ብሎ ጮኸ። አቶ ጩማ ሌላ ምክንያት አጡ። እውነተኛውን ምክንያት ደግሞ ለሽማግሌ ሊናገሩት አይችሉም። በመጨረሻ ፈነዱ።

"እሺ። ግን ስምንት ላሞቼን ይመልስልኝ!"

"የምን ላሞች?"

"እሱ ያውቃል። እሱ ነው የገደለው።"

ጋሽ ዳልኬ አስፋልቱ ዳር ሲደርሱ ፊታቸው እሳት ነበር። "አንተ፣ ስምንት ላም የፈጀኸው የት ነው? በመኪና ነው? በመርዝ ነው?" አሉኝ። የተቀሩት ሁለት ሽማግሌዎች ከነፍሰ ገዳይ ጋር እንደቆሙ ያህል ከሩቅ ያዩኛል።

አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ነጻ ነበርኩ። "አባትየው ጌም ይጫወታሉ" ብል ጫኖ ሁሉ ይስቃል፣ እኔም ከላም ገዳይነት እወጣለሁ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ያ ሰው ስምንቱን ስም ሲቆጥር አይቼዋለሁ።

"አጥፍቻለሁ ጋሼ። እመልሳለሁ" አልኩ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ ዳልኬ በድንገት ተመልሰው ሲገቡ ለአንዲት ጥጃ ሣር እየሰጠሁ አገኙኝ። ስክሪኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ካሴቱን አወጡና በግራ መዳፋቸው መዘኑት። "ይሄ የማን ነው?" አላሉም። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሲበቃቸው ዓይናቸውን ጠርገው፣ "ሁለተኛዋን ሳታስር ፈታህ" ብቻ አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ጓዳ ስገባ ላሞቼን የሚያጠጡልኝ እሳቸው ነበሩ።

የዚያ ጌም ሰዓት በጉልበት አይቀድምም። አንድ ጥጃ ላም እስክትሆን ሳምንታት ትፈጃለች። ስድስት ወር ሙሉ ደንበኛ ፊት፣ ባጃጅ ውስጥ፣ አንዴም እግዜር ይቅር ይበለኝ ስብከት መሃል አረባሁ። ባንከኛው በየሳምንቱ ጫኖ ይመላለሳል ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ ግን ሦስተኛዋ ላሜ ላይ ነኝ። ለእያንዳንዷ አቶ ጩማ የቆጠሩትን ስም ሰጥቼ፣ ስምንተኛዋ የታለበች ዕለት ካሴቱን በዚያው በመሐረባቸው ጠቅልዬ ለአቶ ጩማ ወሰድኩላቸው። ይዘውት ሙዙ መሃል ገቡ። ሲወጡ ፊታቸው በርቶ ነበር።

ለሽማግሌዎቹ "ላሞቼ ተመልሰዋል" ብለው ላኩ። "የት አሉ?" ሲባሉ "ግጦሽ ላይ ናቸው" አሉ።

ተጋባን። ወሬው ግን እኛን ቀድሞ ሄዶ ነበር፤ ማርቆስ ለአስቴር ስምንት ላም ጣለ ተባለ። የጫኖ አባቶችም ዋጋው ይሄ ነው ብለው ያዙ። በዚያ ሰሞን ጫኖ ላይ ልጅ የጠየቀ ወጣት ሁሉ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታው ቀዝቀዝ ይላል።

ጋሽ ዳልኬ ካረፉ ቆይተዋል። ብልቃጣቸው እኔ ጋ አለች። ሱቋን ወረስኩ፤ ከዚያ ስልክ መጣና ካሴት የሚያስመረምር ሰው በሳምንት አንድ፣ በወር አንድ ሆነ፤ መጨረሻ ላይ ጭራሽ ጠፋ። እኔም ያቺን የተጫነች ቁጥር በመነጽርም ማየት ተሳነኝ።

ሱቁን በዘጋሁ በሳምንቱ እሑድ አማቴ ከጫኖ መጡ። ዛሬ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ከኮታቸው ውስጥ መሐረቡን አወጡ።

"ካሴቷ ደክሟል" አሉ። "የልጅ ናት።"

"አውቃለሁ አባባ" አልኩ። ያ ሁሉ ዓመት አልፎም ስለዚህ ነገር በቀጥታ ተነጋግረን አናውቅም።

እጄን ታጠብኩ። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አነጠፍኩ። አስቴር የስልኳን መብራት ያዘችልኝ። ካሴቱን በግራ መዳፌ መዘንኩት፣ ከፈትኩት። እኔ የተከልኳት ባትሪ ሸምግላ ጥግ ይዛለች። ስታኞው ሲጨስ አማቴ ምርኩዛቸውን አጥብቀው ያዙ። አዲሷን ባትሪ በቀጭን ሽቦ ከአሮጌዋ ጎን አሰርኩ። ማሰሬን ሦስት ጊዜ ፈተሽኩ። ከዚያ አሮጌዋን ፈታሁ፣ አዲሷን በቦታዋ ተከልኩ፣ ዘጋሁት፣ ከሱቁ ያስቀረሁት ማሽን ላይ ሰካሁት፣ አበራሁት።

ሜዳው አረንጓዴ ነበር። ላሞቹ አሉ። እንደዚያን ጊዜ ያለ ደስታ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ተሰምቶኝ አያውቅም፤ ወንበሩ ላይ ደገፍ አልኩ።

አማቴ በጣታቸው ቆጠሩ። እንደገና ቆጠሩ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

"ዘጠኝ ናቸው" አሉ። "እኔ የማውቀው ስምንት ነው። ምን አደረግህ? ፎርጅድ ነው?"

አጎንብሼ እኔም ቆጠርኩ። መብራቱ ተወዛወዘ፤ አስቴር እየሳቀች ነበር።

"ሻሾ ወልዳ ነው አባ። ትናንት እናንተ ጋ ስመጣ አዋለድኳት።"

"አንቺ?"

"ጉባኤ እያልክ ጨንቻ ስትከርም ማን ያበላቸው ነበር? ካሴቱን የደበቅክበትን ኮት የማጥበው እኔ ነበርኩ።"

አማቴ ኮታቸውን ዳበሱ። ለካ ያኔ ሱቁ በር ላይ "ልጄ ናት" ሲሉ ዋሸሁ ብለው እውነት ተናግረዋል። እኔ ደግሞ የአማርኛ ስሕተት ነው ብዬ አለፍኩት።

"ያኔ የጠፉትስ?" አልኳት።

"ሦስቱ በእጄ ያሳደግኳቸው ናቸው። አልቅሻለሁ።"

"የገደልኳቸው እኔ መሆኔን እያወቅሽ ነው ያገባሽኝ?"

መብራቱን አጠፋችና ስልኳን ኪሷ ከተተች። "በአባ ላይ ታሳብቅ ይሆን ብዬ ጠበቅኩህ፣ አላሳበቅክም። በየቅዳሜው በሱቁ በኩል ሳልፍ ደግሞ አንገትህን ደፍተህ ላም ስታጠጣ አይሃለሁ። ያ ባንከኛ ቢሆን ሌላ ካሴት ገዝቶ ያመጣ ነበር። ይሄኛው ኦርጅናል ነው አልኩ።"

በሥራ ዘመኔ ያን ቃል ስንት ጊዜ ለስንት ካሴት እንደፈረድኩ አላውቅም። ለእኔ የፈረደልኝ ሰው ግን እስከዚያ ቀን አልነበረም። የጠረጴዛውን ጨርቅ ማጠፍ ጀመርኩ።

አማቴ አልሰሙንም። ማሽኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው፣ ለጥጃዋ ሣር እየሰጡ ነበር።